ጆን ያንግ ጨረቃ ላይ 42 ሴንቲ ሜትር ብቻ ለምን ዘለለ?

ጨረቃ ላይ ሰው ከምድር ስድስት እጥፍ ከፍ ብሎ ይዘላል ሲባል ያልሰማ የለም። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ፣ አንድ ሰው ብድግ ብሎ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ነበር የሚታየኝ። ከዚያ አንድ ቀን ቪዲዮውን አየሁት። አንድ ሰው ጨረቃ ላይ ቆሞ ይዘላል። ከመሬት የሚነሳው 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከጉልበት እንኳ ዝቅ ይላል።

ታዲያ ስድስት እጥፉ የት ገባ?

ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ቪዲዮውን እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ ቁጥሮቹን በወረቀት እየሠራሁ ተከታተልኩት። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት ነገር ስለ ጨረቃ ብቻ አይደለም። ወደ ላይ የሚወረወር ማንኛውም ነገር፣ ኳስም ይሁን ድንጋይ ወይም ሰው፣ የሚደርስበትን ከፍታ ምን እንደሚወስነው ከዚህ አንድ ዝላይ በላይ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ምሳሌ የለም። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ልንገራችሁ።

ሰውዬው ጆን ያንግ ነው፤ ወደ ጨረቃ የሄደው የአሜሪካ አፖሎ 16 ጉዞ አዛዥ። ቀኑ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1972 ነው። ቦታው ዴካርት የሚባለው የጨረቃ ደጋማ ክፍል። አብሮት ያለው ቻርሊ ዱክ ነው፤ ሦስተኛው ባልደረባቸው ኬን ማቲንግሊ ደግሞ ከላይ ጨረቃን እየዞረ ይጠብቃቸዋል። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማረፊያ መንኮራኩራቸው ወጥተው ሥራ የጀመሩበት ዕለት ነው። ባንዲራ ተክለዋል። ዱክ ካሜራውን አዘጋጅቶ ያንግን «ና እዚህ ቁምና ሰላምታ ስጥ» ይለዋል፤ ያንግ የባሕር ኃይል ሰው ስለሆነ የጠየቀውም የባሕር ኃይል ሰላምታ ነው። ያንግ ግን ቆሞ አልሰጠም። ዘለለ። እግሮቹ ከመሬት ተነስተው ሳሉ ቀኝ እጁን ወደ ራስ ቁሩ ሰደደ፣ ዱክ ፎቶውን አነሳ፣ ያንግ ደገመው፣ ዱክም ሁለተኛ ፎቶ አነሳ።

በዚያው ሰዓት በጨረቃ መኪናቸው ላይ የተገጠመው የቴሌቪዥን ካሜራ ሁሉንም እየቀረጸ ነበር። ካሜራው ከምድር በርቀት ነበር የሚታዘዘው። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ከመሬት ተነስቷል ከማለት ያለፈ ነገር መናገር ያስቸግር ነበር። ቪዲዮ ሲኖር ግን ሰዓት አለ። ሰዓት ካለ ደግሞ ሁሉም ነገር አለ።

እንዴት መሰላችሁ? ወደ ላይ የተነሳ ነገር ከእግሩ ስር የሚገፋው ከተለየው በኋላ በስበት እጅ ብቻ ነው ያለው። ስበት የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ በየሰከንዱ እኩል መጠን ያለው ፍጥነት ይቀንስበታል። ምድር ላይ በየሰከንዱ 9.81 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። ጨረቃ ላይ 1.62 ብቻ። ፍጥነቱ ተቀናንሶ ዜሮ ሲሆን ነገሩ ጫፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። አየር በሌለበት ቦታ መውጫውና መውረጃው በሰዓት እኩል ናቸው።

የያንግ የመጀመሪያ ዝላይ ከመሬት ከተነሳበት እስከ ተመለሰበት 1.45 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ግማሹ 0.725 ነው። ይህ የመውጫው ጊዜ ነው። ጨረቃ በዚያ ጊዜ ውስጥ የቀነሰችበትን ፍጥነት ለማወቅ 0.725ን በ1.62 ማባዛት ነው፦ 1.17 ሜትር በሰከንድ። እንግዲህ ሲነሳ የነበረው ፍጥነት ይህ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ፍጥነቱ ከ1.17 ጀምሮ ዜሮ ላይ ስለሚያልቅ አማካዩ ግማሽ ነው፤ 0.587 ገደማ። ይህንን በ0.725 ሰከንድ አባዙት። 0.42 ሜትር ይመጣል። አለቀ። በሜትር ማንም አልለካውም፣ ጨረቃ ላይም የመለኪያ ገመድ የዘረጋ የለም፣ ግን ከፍታውን እናውቃለን።

ሁለተኛው ዝላይ 1.30 ሰከንድ ገደማ ነው የቆየው። በዚያው መንገድ ስትሠሩት 34 ሴንቲ ሜትር ይሰጣችኋል። አንዱን አሥረኛ ሰከንድ ተሳስተን ቢሆንስ? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከፍታው ጊዜው በራሱ ሲባዛ በሚመጣው ቁጥር ልክ ስለሚያድግ ስሕተቱ ይጎላል። 1.45 በእውነቱ 1.35 ቢሆን ከፍታው 37 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ 1.55 ቢሆን ደግሞ 49 ገደማ። ያም ሆነ ይህ ከግማሽ ሜትር አይዘልም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ያንግ ያንኑ ፍጥነት፣ 1.17 ሜትር በሰከንድ፣ ይዞ ምድር ላይ ቢነሳ ምን ይሆን ነበር? ምድር ያንን ፍጥነት በ0.12 ሰከንድ ትጨርሰዋለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚወጣው 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 42ን ለ7 አካፍሉ። ስድስት!

ይህን ቁጥር ሳገኝ ለራሴ እጅግ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ስድስት እጥፉ አልጠፋም ነበር። እዚያው ነበር። ጨረቃ ቃሏን ጠብቃለች። የተሳሳተው የእኛ ግምት ነው፤ ስድስት እጥፍ የሚባለው ከምን ላይ እንደሆነ ሳንጠይቅ ነው የምናባዛው። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው፦ *በተመሳሳይ መነሻ ፍጥነት* የተነሳ ነገር ጨረቃ ላይ ስድስት እጥፍ ከፍ ይላል። ስለ መነሻ ፍጥነቱ ግን ስበት የሚናገረው ነገር የለም። እሱን የሚሰጠው የሚገፋው አካል ነው። ያንግ ደግሞ ለምድር 7 ሴንቲ ሜትር የምትበቃ ፍጥነት ነው ያመጣው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ተቀየረ። የጨረቃ ስበት ምን ሆነ ሳይሆን፣ ጤናማና የሠለጠነ ሰው እንዴት 1.17 ላይ ብቻ ቆመ የሚለው ነው።

ለማነጻጸር ምድር ላይ ቀለል ያለ ልብስ የለበሰ ሰው ቆሞ ሲዘል የሰውነቱ የክብደት ማዕከል (ክብደቱ ሁሉ እንደተሰበሰበበት የሚቆጠረው ነጥብ) 40 ሴንቲ ሜትር ወጣ እንበል። ደህና ዝላይ ነው፣ የተለየ አትሌት አይጠይቅም። ለዚያ የሚያስፈልገው መነሻ ፍጥነት 2.8 ሜትር በሰከንድ ነው። ያንግ የነበረው 1.17 ነው፤ ከግማሽ በታች። ግማሽ ፍጥነት ግን ግማሽ ከፍታ አይሰጥም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፍጥነቱ እጥፍ የሆነ ነገር ስበት እስኪያስቆመው ድረስ እጥፍ ጊዜ ይወጣል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጓዝበት አማካይ ፍጥነትም እጥፍ ነው፤ እጥፍ በእጥፍ አራት ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ከቀነሰ ከፍታው ወደ ሩብ ይወርዳል። 2.8 ለ1.17 ሲካፈል 2.4 ነው፤ 2.4 በራሱ ሲባዛ 5.7 ይሆናል።

ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ጨረቃ በስድስት ያባዛችውን የፍጥነቱ ማነስ በ5.7 አካፈለው። ውጤቱ ምድር ላይ ከምንዘለው ጋር አንድ ዓይነት ሆነ፣ 40 ከነበረው 42። ያንግ ቪዲዮው ላይ ሲዘል እንደ ተራ ሰው ዝላይ የሚመስለን፣ ቀስ ማለቱ ብቻ የሚለየው፣ በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነቱን የበላው ልብሱ ነው። ግን በሁለት መንገድ ነው የበላው፤ ሁለቱን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው መጠነ ቁስ ነው። ያንግ የለበሰው የጠፈር ልብስና በጀርባው የተሸከመው የሕይወት ማቆያ መሣሪያ ተደምረው የራሱን ሰውነት ያህል ነበሩ። ሁሉም በአንድ ላይ ምድር ላይ ቢመዘን 170 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጨረቃ ላይ ሲመዘን 28 ኪሎ ገደማ። «እንግዲያው ቀሎታል!» ትሉ ይሆናል። ክብደቱ አዎ ቀሏል። ክብደት ስበት እኛን የሚጎትትበት መጠን ነው፣ ስበት ሲቀንስ ይቀንሳል። መጠነ ቁስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ነገር ከቆመበት ለመንቀሳቀስ፣ ከተንቀሳቀሰም ለመቆም የሚያሳየው እምቢታ ነው። ይህ እምቢታ የትም ብትሄዱ አይቀንስም። ሙሉ ጭነት የያዘ ጋሪ በለስላሳ ወለል ላይ ግፉ። ጎማው ተሸክሞላችኋል፣ ክንዳችሁ ላይ የወደቀ ክብደት የለም፤ ግን ለማስነሳት ስትገፉት ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ለማስቆምም መከራ ነው። ያንግ ጨረቃ ላይ ልክ እንደዚያ ጋሪ ነበር። 170 ኪሎ የሚሆን ነገር ከዜሮ ተነስቶ እንዲፈጥን ማድረግ ነበረበት፤ ያውም ለ75 ኪሎ ሰውነት በተሠሩ እግሮች። (75 የምለው ለስሌቱ እንዲመቸን ነው።)

ሁለተኛው ግትርነት ነው። የጠፈር ልብስ ውስጡ በኦክስጅን የተነፋ ነው፤ የውስጥ ግፊቱ ምድር ላይ በባሕር ጠለል ካለው ግፊት ሩብ ገደማ ነበር። ውጭው ባዶ ነው። በደንብ የተነፋ የመኪና ጎማ ለማጠፍ ሞክሩ፤ እምቢ ይላል። ልብሱም እንደዚያው ጉልበቱ ላይ ሲታጠፍ ይታገላል። ሰው ሲዘል መጀመሪያ ጉልበቱንና ዳሌውን አጥፎ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ በዚያ ርቀት ሁሉ እየገፋ ይነሳል። ልብሱ ጎንበስ ካላስባለ የመግፊያው ርቀት ያጥራል። ያንግን ካያችሁት ብዙም ዝቅ አይልም። በዚያ ላይ ጥንቃቄ አለ። ልብሱ ቢቀደድ ሞት ነው። ማንም ሰው ባለ በሌለ ኃይሉ አይዘልም።

ሁለቱን በቁጥር መለየት ይቻላል። መነሻ ኢነርጂውን በጁል፣ ማለትም በኢነርጂ መለኪያ፣ እናስላ። ምድር ላይ 75 ኪሎ የሆነው ሰው 40 ሴንቲ ሜትር ሲዘል እግሮቹ ከመሬት ሲለዩ 294 ጁል ይዞ ነው የሚነሳው። ያው ሰው ያንኑ 294 ጁል ይዞ፣ ያለ ልብስ፣ ጨረቃ ላይ ቢነሳ (አየር የለም፣ ይሞታል፣ ግን ለስሌት እንበል) 2 ሜትር ከ42 ይወጣል። ይሄ ነው የልጅነታችን ስድስት እጥፍ። አሁን ልብሱንና የጀርባውን መሣሪያ አሸክሙት፣ ኢነርጂው ግን ያው 294 ይሁን። 170 ኪሎ ማንሳት ስላለበት ከፍታው ወደ 1 ሜትር ከ7 ይወርዳል። ጭነቱ ብቻውን ከግማሽ በላይ ወሰደ። የያንግ እውነተኛ ዝላይ ግን 42 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲሰላ የያዘው ኢነርጂ 116 ጁል ገደማ ነበር። ከ1.07 እስከ 0.42 ያለውን ልዩነት የወሰዱት የልብሱ ግትርነትና ጥንቃቄው ናቸው።

እዚህ ላይ ለትክክለኛነት አንድ ነገር ልጨምር። እግር የሚያወጣው ኢነርጂ የትም ቢሆን እኩል ነው ብዬ ነው ያሰላሁት፤ ይህ ግምት ነው። ጨረቃ ላይ ዝቅ ብሎ ሲነሱ የገዛ ክብደትን ለማንሳት የሚባክነው ያንሳል፣ ይህ ይጠቅማል። በሌላ በኩል ክብደት ሲቀንስ እግር ቶሎ ይዘረጋል፣ ጡንቻ ደግሞ ቶሎ በተኮማተረ ቁጥር የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፣ ይህ ይጎዳል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ ለግምታችን 294ን ይዘን መቆየታችን ነውር የለውም።

ልብሱ እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያስር ሌላም ማሳያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 የአፖሎ 14 አዛዥ አለን ሼፐርድ ጨረቃ ላይ የጎልፍ ኳስ መትቷል። ልብሱ ሁለት እጁን አቀናጅቶ እንዲመታ ስላልፈቀደለት በአንድ እጁ ነው የመታው። ሰው ሁሉ ኳሷ ኪሎ ሜትሮችን የሄደች ይመስለው ነበር። ከዓመታት በኋላ ፎቶዎቹ በጥራት ተሠርተው ሲለኩ ግን የሩቋ ኳስ የሄደችው 37 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስበቱ ያው የጨረቃ ስበት ነው፣ አየርም የለም። መነሻ ፍጥነቱ ነው ያነሰው።

ሌላው የማባዛት ስሕተት ከፍታ ዝላይ ላይ ነው። የዓለም ክብረ ወሰን የኩባው ሀቪየር ሶቶማዮር በ1993 የዘለለው 2.45 ሜትር ነው። ብዙዎች ይህንን በስድስት ያባዙና ጨረቃ ላይ ከ14 ሜትር በላይ ይዘል ነበር ይላሉ። አይዘልም። ረጅም ሰው ነው፤ እግሩ ከመሬት በሚለይበት ቅጽበት የክብደት ማዕከሉ ገና ሳይበር ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ስበት የሚያገባው ከዚያ በላይ በወጣው ብቻ ነው። መነሻ ከፍታውን 1.35 ሜትር ብናደርገው፣ በራሱ ፍጥነት የወጣው 1.10 ገደማ ነው፤ በስድስት አባዝታችሁ መነሻውን መልሳችሁ ስትደምሩት 8 ሜትር አካባቢ ነው የሚመጣው። ያም ቢሆን መንደርደር ከቻለ ነው። ጨረቃ ላይ እግር መሬቱን የሚይዘው በአንድ ስድስተኛ ክብደት ስለሆነ እንደ ምድር ተንደርድሮ መነሳት አይቻልም።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልመለስ፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ ምድር ላይ የተቀረጸና ፍጥነቱ የተቀነሰ ፊልም ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህን ክስ በቁጥር መፈተሽ እንችላለን፣ እኔም በቁም ነገር ነው የወሰድኩት። ምድር ላይ 42 ሴንቲ ሜትር የሚዘል ሰው ከመሬት ተለይቶ የሚቆየው 0.59 ሰከንድ ገደማ ነው። ያንን ወደ 1.45 ለማምጣት ፊልሙን በ2.46 ማዘግየት ያስፈልጋል። ይቻላል። ችግሩ ግን ፊልም ሲዘገይ *ሁሉም* ነገር አብሮ መዘግየቱ ነው። የያንግ እጅ ወደ ራስ ቁሩ የሚሄድበት ፍጥነት፣ ሲያርፍ የሚያስተካክላት እርምጃ፣ ሁሉም በ2.46 ይዘገዩ ነበር። እጁን ተመልከቱ። ልብሱ ያከበደው የተለመደ የሰው እጅ እንቅስቃሴ ነው። እጅን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ነው፣ መውደቅን የሚያዘው ስበት ነው፤ በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ሁለቱ የየራሳቸውን ሰዓት ይዘዋል። እንደዚያ ያለ ነገር ፊልም በማዘግየት አይመጣም።

አቧራውንም እዩት። ያንግ ሲነሳ ጫማው አቧራ ይዞ ይነሳል። ምድር ላይ አቧራ አየሩ ይዞት ይንሳፈፋል፣ እንደ ጭስ ይጎተታል። እዚያ ግን አቧራው ወጥቶ፣ እንደተወረወረ ድንጋይ ጥርት ያለ ቅስት ሠርቶ፣ ወዲያው ይወድቃል። ይህ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ለእኔ በጣም የሚያምረው ነው፤ ምክንያቱም ከፍታ ከክብደት ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው በአንድ ምስል ያሳያል። 170 ኪሎ የሚሆነው ሰውና ሚዛን የማያነሳው የአቧራ ቅንጣት በእኩል ፍጥነት ከተነሱ እኩል ከፍታ ይደርሳሉ፣ እኩል ሰዓት ይመለሳሉ። ከያንግ ዝላይ ዘጠኝ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1971 ኦገስት መጀመሪያ፣ የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት መዶሻና ላባ በአንድ ጊዜ ለቆ አብረው መሬት ሲደርሱ አሳይቷል። የያንግ ጫማና አቧራ ያንኑ ነገር ከታች ወደ ላይ ይደግሙታል።

ታዲያ ከላይ መጠነ ቁስ ፍጥነቱን በላ ብዬ አሁን ክብደት አያገባውም ስል ራሴን የተቃረንኩ ይመስላል። አልተቃረንኩም። መጠነ ቁስ የሚያገባው *ከመነሳት በፊት* ነው፤ እግር እየገፋ ባለበት ጊዜ። እግር ከመሬት ከተለየ በኋላ ግን አያገባውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው የቀሩት፦ የተነሳበት ፍጥነትና የቦታው ስበት። ይህን መስመር በደንብ ያሰመረ ሰው ወደ ላይ ስለሚወረወር ነገር ሁሉ ግራ አይጋባም።

ለምሳሌ ኳስ ውሰዱ። በ10 ሜትር በሰከንድ ወደ ላይ ወርውሩት፣ የአየርን ነገር እንተወው። ምድር ላይ 5.1 ሜትር ይደርሳል። ስበቱ 3.71 በሆነው ማርስ ላይ 13.5 ሜትር። ጨረቃ ላይ 31 ሜትር ገደማ። በጁፒተር ደመናዎች ከፍታ ላይ ስበቱ 24.8 ገደማ ነው፣ እዚያ 2 ሜትር ብቻ። ፍጥነቱ በጣም ትልቅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ነገሩ በጣም ስለሚርቅ ስበቱ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ከጨረቃ ገጽ በ2.4 ኪሎ ሜትር በሰከንድ የተነሳ ነገር ጨርሶ አይመለስም። ለምድር 11.2 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ያስፈልጋል። ያንግ የነበረው 1.17 *ሜትር* ነው፤ ስለዚህ ለእሱ ዝላይ የጨረቃ ስበት ከእግሩ ሥር እስከ ጫፉ አንድ ነው ብለን መውሰዳችን ምንም አያጎድልም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ እሱም የዱክ ነው።

ያ ዓመት የኦሎምፒክ ዓመት ነበር፣ በበጋው ሙኒክ ላይ ይካሄድ ነበር። ያንግና ዱክ ጨረቃ ላይ የራሳቸውን ትንሽ ኦሎምፒክ፣ ከፍታ ዝላይ፣ ለማድረግ አስበው ነበር። በሦስተኛውና በመጨረሻው የሥራ ቀናቸው ማብቂያ ላይ ዱክ ዘለለ። ያንግ ለሰላምታ ከዘለለው በላይ ለመውጣት ነው የገፋው። ወጣም። ግን ሲነሳ ቀጥ ብሎ ስለነበር በጀርባው ያለው ከባድ መሣሪያ ወደ ኋላ ጎተተው፣ ሰውነቱ ቀስ እያለ ወደ ኋላ መዞር ጀመረ፣ እሱም እግሩ ከምንም ጋር ስላልተያያዘ ማቆም አልቻለም። በጀርባው ወደቀ፤ እስትንፋሱ ባለበት መሣሪያ ላይ ማለት ነው።

ለምን እንደወደቀ ስበቱ ራሱ ይነግረናል። እግር ከመሬት ሲለይ ሰውነት ትንሽ የመዞር እንቅስቃሴ ይዞ ከተነሳ፣ በበረራው ውስጥ የሚያቆመው ነገር የለም፤ እስኪያርፍ ድረስ ይዞራል። በሰከንድ 20 ዲግሪ የምትሆን ትንሽ መዞር እንውሰድ። ምድር ላይ በዚያች 7 ሴንቲ ሜትር ዝላይ፣ 0.24 ሰከንድ ብቻ ስለሆነች፣ 5 ዲግሪ ገደማ ነው የምትዞሩት። ልብ እንኳ አትሉትም። ጨረቃ ላይ ያው ዝላይ 1.45 ሰከንድ ይወስዳል፣ መዞሩም 29 ዲግሪ ይደርሳል። ደካማ ስበት ከፍታውን ብቻ አይደለም በስድስት የሚያበዛው። የመሳሳቻ ጊዜውንም ያበዛዋል። ምድር ላይ ሰው ሚዛኑን ለመመለስ በየቅጽበቱ መሬት ትይዘዋለች፤ እዚያ ግን መሬት የምትመጣው ዘግይታ ነው።

ያንግ በሰላምታው ጊዜ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ነበር፤ የጀርባውን ጭነት እያመዛዘነ። ከፍታውም ትንሽ ስለነበረ ጊዜው አጭር ነበር። 42 ሴንቲ ሜትሯ ለእሱ የምትበቃ ነበረች።

ዱክ ሲወድቅ ወደ ቀኙ ለመዞር ሞክሮ የመውደቁን ኃይል ከፊሉን በእጁ ተቀበለ። መሣሪያው አልተሰበረም። ልብሱም አልተቀደደም። ያንግ መጥቶ አነሳው፣ ሁለቱም ዝላዩን እዚያው ትተው ወደ መንኮራኩራቸው ለመመለስ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ።